ሳይገለጽ የገባ ዕቃ የሚያስከትለው የጉምሩክ ጥፋት በሕግ እልባት የሚያገኝበት መንገድ፦ ለአሶሳና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ተገልጋዮች

ከውጭ አገር የገባ ዕቃ ለጉምሩክ ሳይገለጽ ወይም ከእውነተኛ ዓይነቱ፣ ብዛቱና ዋጋው ውጭ ተገልጾ ሲገኝ በሕግ ተጠያቂነትን ያስከትላል። ተጠያቂነቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ጥፋት በጉምሩክ ኮሚሽን አስተዳደራዊ ውሳኔ፣ ቀረጥና ታክሱ ከመቀጫው ጋር ተከፍሎ ፋይሉ የሚዘጋበት ነው። ሌላው ደግሞ በፖሊስ ተጣርቶ፣ በፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ክስ ቀርቦበት፣ በፍርድ ቤት ብቻ የሚወሰን ወንጀል ነው። ባለጉዳዩ ጉዳዩ ከሁለቱ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ለይቶ ካላወቀ በአስተዳደር ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ በዝምታ ወደ ክስ ሊያደርሰው፣ ወይም በፍርድ ቤት ብቻ የሚወሰነውን ጉዳይ በክፍያ እንደጨረሰው አድርጎ ሊዘናጋ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ በአሶሳ፣ በኩርሙክ፣ በባምባሲ፣ በሆሞሻና በሌሎች የክልሉ አካባቢዎች ለሚኖሩ ተገልጋዮች ሁለቱን መስመሮች ለይቶ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩ የሚታየው በማን ነው?

የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 ንዑስ አንቀጽ 1 በገቢና በወጪ ዕቃዎች ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ታክስና ሌሎች ክፍያዎችን የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በመሆኑም ከውጭ የገባ ዕቃ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት ሳይፈጸምበት አሶሳ ገበያ ላይ ቢገኝ እንኳ ጉዳዩ የክልል ጉዳይ አይሆንም። ለክልሉ ገቢዎች ቢሮ ወይም ለከተማ አስተዳደር የተከፈለ የንግድ ግብር ወይም የአገልግሎት ክፍያ የጉምሩክ ዕዳን አይተካም፤ ደረሰኙም በጉምሩክ ፊት የዕቃውን ሕጋዊ አገባብ አያስረዳም። አንድ ነጋዴ የታደሰ ንግድ ፈቃድ ስላለውና ግብሩንም በወቅቱ ስለሚከፍል ብቻ በመደብሩ ያለው ዕቃ ሁሉ ሕጋዊ ነው ማለት አይቻልም። የንግድ ፈቃዱ ነጋዴውን፣ የጉምሩክ ሰነዱ ደግሞ ዕቃውን ይመለከታል።

ዋናው ሕግ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 ተሻሽሏል። አዋጁን የሚያስፈጽመው የጉምሩክ ኮሚሽን ነው። የወንጀሉን ክስ የሚያቀርበው ግን ኮሚሽኑ አይደለም። ቀድሞ የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን የራሱ ዐቃብያነ ሕግ ነበሩት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ሲቋቋም ይህ ሥልጣን ወደ እርሱ ተላለፈ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣንና ተግባር ለፍትሕ ሚኒስቴር ተሰጠ። ይህ የተቋማት ታሪክ ለተገልጋዩ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው፦ ቀረጥና አስተዳደራዊ መቀጫን የሚወስነው አካልና ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን የሚወስነው አካል የተለያዩ መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው። ለአንደኛው የተሰጠ መልስ ሌላኛውን በራሱ አያስርም። መቀጫ የከፈለ ሰው የከፈለው ክፍያ የወንጀሉንም ጉዳይ የሚዘጋ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያለበት ስለዚህ ነው።

“ያልተገለጸ ዕቃ” ሲባል

ዕቃን መግለጽ፣ በተለምዶ ዲክለር ማድረግ የሚባለው፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋና ሥሪት አገር በሕግ በተወሰነው መግቢያ ላይ ለጉምሩክ ማሳወቅ ነው። የንግድ ዕቃ ከሆነ የዕቃ ዲክላራሲዮን ይቀርብለታል፤ ይህንንም አስመጪው ራሱ ወይም ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ይፈጽመዋል። መንገደኛ ከሆነ የያዘውን ዕቃ በመግቢያው ላይ ለጉምሩክ ሠራተኛው ያሳውቃል። ለግል መገልገያነት የሚውሉ ዕቃዎች በመመሪያ በተወሰነው ዓይነትና መጠን ከቀረጥ ነፃ ይገባሉ። ይህ መብት ግን ዕቃውን ከመግለጽ ግዴታ ጋር መምታታት የለበትም። ከቀረጥ ነፃ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ዕቃው ለጉምሩክ ከታየ በኋላ ነው። “የግል ዕቃዬ ስለሆነ ማሳየት አያስፈልገኝም” በሚል መነሻ መቆጣጠሪያ ጣቢያን አልፎ መሄድ ነፃ ሊሆን ይችል የነበረውን ዕቃ ባልተገለጸ ዕቃነት ለመያዝ ያጋልጣል።

በሕጉ ፊት ያልተገለጹ ዕቃዎች ሁሉ እኩል አይታዩም። እንዳይገቡ የተከለከሉ ወይም ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የጦር መሣሪያና መድኃኒት፣ መጠናቸው አነስተኛ ቢሆንም በቀረጥ ክፍያ የሚታለፉ አይደሉም፤ ጥያቄው ከገንዘብ በላይ ነውና። ቀረጥ የሚከፈልባቸው የንግድ ዕቃዎች ከጉምሩክ መስመር ውጭ በድብቅ ሲገቡ ኮንትሮባንድ ይሆናሉ፤ በአዋጁ አንቀጽ 168 መሠረትም በወንጀል ያስጠይቃሉ። በሕጋዊው መስመር ገብተው ዲክላራሲዮን የቀረበባቸው፣ ነገር ግን ብዛታቸው ወይም ዋጋቸው ተቀንሶ የተገለጹ ዕቃዎች ደግሞ እንደ ሁኔታው በአስተዳደራዊ መቀጫ ወይም በወንጀል ሊታዩ ይችላሉ። ሁለቱን ለመለየት ዋናው ጥያቄ የተሳሳተው መግለጫ የመጣው በቸልታ ወይም በስሕተት ነው ወይስ ቀረጥ ለማስቀረት ታስቦ ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ግዢ ደረሰኝ፣ የማሸጊያ ዝርዝርና ከሻጩ ጋር የተደረገ የክፍያ ሰነድ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው፤ ሐሳብን የሚያስረዳው ቃል ብቻ አይደለምና።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህ ጥያቄ ከሌሎች አካባቢዎች በተለየ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን በ1894 ዓ.ም በተፈረመው ውል ሲወሰን ኩርሙክ የሚለው ስም በወሰኑ በሁለቱም በኩል ቀረ፤ የበርታ ሕዝብም እንዲሁ። ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ተሻግሮ የሚመለስ ሰው ልብስ፣ ሽቶ፣ ሳሙና ወይም ስልክ ይዞ መምጣቱ ከዕለት ኑሮው የተለየ ነገር ሆኖ አይታየውም። ይህ ማኅበራዊ እውነታ በሕግ የማሳወቅ ግዴታን አያስቀርም፤ ነገር ግን በፍትሐዊ ምርመራ ሰውየው በንግድ መጠን ያስገባ ነው ወይስ ለቤቱ የያዘ የሚለውን ለመመዘን ከግምት የሚገባ ነው። በጠረፍ አካባቢ ለሚኖሩ ነዋሪዎች የሚፈቀደው አነስተኛ የጠረፍ ንግድም ቢሆን ፈቃድ ላለው ሰው፣ ለተዘረዘሩ ዕቃዎችና ለተወሰነ መጠን ብቻ የተሰጠ ነው። ፈቃዱን ለሌላ ማዋስ ወይም በአንድ ፈቃድ የብዙ ሰዎችን ዕቃ አጠራቅሞ ማስገባት ፈቃዱን ዋጋ ያሳጣል።

በሱዳን ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ወዲህ በኩርሙክ በኩል ስደተኞችና ከስደት ተመላሽ ኢትዮጵያውያን የቤት ዕቃቸውን ይዘው ገብተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ደረሰኝ ላይኖረው ይችላል፤ ዕቃው ያገለገለ የቤት ዕቃ መሆኑ በዓይን የሚታይ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚበጀው ዕቃውን በገቡበት ዕለትና በገቡበት ቦታ አስመዝግቦ ማስረጃውን መያዝ ነው። ከወራት በኋላ ዕቃው ወደ አሶሳ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሲጓጓዝ በመንገድ ላይ ለሚነሣው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ያ ወረቀት ነው።

ሁለት ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል። አንደኛው የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ ወይም በክፍያ ተሸክሞ የሚሻገር ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ሰው ወጣት ነው፤ የዕቃውን ባለቤት በስልክ ካልሆነ አያውቀውም፤ የሚከፈለውም ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ዕቃውን ያስገባውን ብቻ አይደለም፤ ኮንትሮባንድን ማጓጓዝ፣ ማከማቸት፣ መያዝ፣ መሸጥና መግዛትም ያስጠይቃሉ። “ዕቃው የእኔ አይደለም” ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም፤ ምን እንደያዘ አለማወቁን የሚያሳይ ሁኔታ ካለ ግን ይህ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 80 ስለ ፍሬ ነገር ስሕተት ከተደነገገው ጋር ተያይዞ ሊታይ የሚገባ መከራከሪያ ነው። ሁለተኛው ከገበያ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ቸርቻሪ ነው። በርካሽ የተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ከሌለው ርካሽነቱ እስከ መጀመሪያው ፍተሻ ብቻ ነው።

ዕቃው ከመያዙ በፊት፦ በራስ ፈቃድ ማሳወቅ

ባለዕቃው ጉምሩክ ሳይደርስበት አስቀድሞ በራሱ ፈቃድ ቀርቦ ስሕተቱን ቢያሳውቅ ጉዳዩ በእጅጉ ይቀላል። ይህ ወቅት አንድ ጊዜ ካለፈ አይመለስም። ሠራተኛው ፍተሻ ከጀመረ በኋላ “ልናገር ነበር” ማለት በራስ ፈቃድ ማሳወቅ ተደርጎ አይወሰድም። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የተሻሻለው የኪዮቶ ስምምነት ጠቅላላ አባሪ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ስሕተቱ ባለማወቅ የተፈጸመ፣ የማጭበርበር ሐሳብም ሆነ ከባድ ቸልተኝነት የሌለበት መሆኑን ሲያምንበት ከባድ ቅጣት እንዳይጥል ይደነግጋል። በዓለም ላይ የጉምሩክ አስተዳደር የሚሄድበት አቅጣጫ ይኸው ነው፤ በስሕተት የቀረበን ሰው ከደበቀ ሰው ጋር አንድ አድርጎ መቅጣት ሰዎች ስሕተታቸውን እንዲደብቁ ከማበረታታት ውጭ ጥቅም የለውም።

ሰዎችን ከማሳወቅ ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው አንዱ ምክንያት ክፍያው ምን ያህል እንደሚሆን አለማወቅ ነው። ለማሳያ ያህል በጉምሩክ ዋጋ 100,000 ብር የሆነና በታሪፍ መጽሐፉ 20 በመቶ ቀረጥ የተጣለበት ዕቃ ቢታሰብ ቀረጡ 20,000 ብር ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ቀረጡ ከተደመረበት ከ120,000 ብር ላይ በመሆኑ 18,000 ብር ይደርሳል። ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ 38,000 ብር መጣ ማለት ነው። ዕቃው ኤክሳይዝ ታክስ ወይም 10 በመቶ የሆነው ሱር ታክስ የሚመለከተው ከሆነ ይህም ይጨመራል። አንዱ ክፍያ በሌላው ላይ እየተደመረ የሚሄድ በመሆኑ በግምት የተሰላ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። ከመግዛትም ሆነ ከማስገባት በፊት የዕቃውን የታሪፍ ቁጥርና ምጣኔ ከጉምሩክ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው። ዕቃው ሳይገለጽ ከተያዘ በዚህ ላይ መቀጫ ይመጣል፤ ኮንትሮባንድ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ዕቃው ራሱ ሊወረስ ስለሚችል የቀረጡ ስሌት ከነጭራሹ ትርጉም ያጣል።

ዕቃው በተያዘበት ዕለት

ዕቃ ሲያዝ የተያዘው ዕቃ ዓይነትና ብዛት፣ የተያዘበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የያዘው ሠራተኛ ማንነትና ዕቃው የተገኘበት ሁኔታ በጽሑፍ ይሰፍራል። ይህ ሰነድ ከዚያ በኋላ ለሚደረገው ነገር ሁሉ መሠረት ነው። በመኪና ላይ የነበረ 12 ካርቶን በሰነዱ ላይ 10 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱን በኋላ ለማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ባለዕቃው ቆጠራው በፊቱ እንዲካሄድ መጠየቅ፣ ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ወይም እንዲነበብለት መጠየቅ፣ የማይስማማበት ነገር ካለም ልዩነቱን በሰነዱ ላይ አስፍሮ መፈረም ይገባዋል። ግልባጩን ሳይዝ መሄድ የለበትም። ሹፌር ወይም ረዳት የሆነ ሰው ዕቃውን የጫነውን ሰው ስምና የጭነት ሰነዱን ወዲያው ካላሳየ በኋላ የሚያቀርበው ማስረጃ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል።

በቶሎ የሚበላሽ ዕቃ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መጋዘን ውስጥ አይቆይም፤ በሕጉ መሠረት ሊሸጥና ገንዘቡ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የምግብ ሸቀጥ የተያዘበት ሰው ከሌላው ይልቅ መፍጠን አለበት። ያልተከለከለና ለማስረጃነት የማያስፈልግ ዕቃ ግን በቂ ዋስትና ተይዞ እንዲለቀቅ ማመልከት ይቻል እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የኪዮቶ ስምምነት ስለ ጉምሩክ ጥፋቶች በሚናገረው ልዩ አባሪው ይህንኑ አሠራር ያበረታታል።

በአስተዳደር የሚያልቅ ጉዳይ

ይኸው አባሪ የጉምሩክ ጥፋት ያለ ፍርድ ቤት የሚያልቅባቸውን ሁለት መንገዶች ይለያል። አንደኛው ጉምሩክ በራሱ ሥልጣን ውሳኔ የሚሰጥበት ነው። ሁለተኛው፣ የአገሩ ሕግ በፈቀደ ጊዜ፣ ጉምሩክ ተጠያቂው የተወሰኑ ግዴታዎችን እንዲፈጽም ተስማምቶ ክሱን የሚተውበት ስምምነት ነው። ቀላል ጥፋት የፈጸመ መንገደኛ ጥፋቱ በተገኘበት በዚያው ጽሕፈት ቤት ሳይዘገይ ጉዳዩ እንዲያልቅለትም አባሪው ይጠይቃል። የኢትዮጵያ የጉምሩክ አዋጅ አስተዳደራዊ ጥፋቶችንና የወንጀል ጥፋቶችን ለያይቶ ደንግጓል፤ በአስተዳደራዊ ጥፋት ዘርፍ የሚወድቀው ጉዳይ በኮሚሽኑ ውሳኔ ይቋጫል። የወንጀል ዘርፍ የሆነው ግን በሠራተኛና በባለዕቃ መካከል በሚደረግ ንግግር ወደ አስተዳደራዊነት አይለወጥም።

አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍ መሆንና ምክንያቱን መያዝ አለበት። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት ሰውን የሚነካ ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት እንዲሰሙትና ውሳኔያቸውን በምክንያት አስደግፈው በጽሑፍ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ከውሳኔው ላይ ባለጉዳዩ ሊያገኛቸው የሚገቡት ነገሮች የተጣሰው የሕግ አንቀጽ፣ የቀረጡና የታክሱ ስሌት፣ መቀጫው ለብቻው ተለይቶ፣ እንዲሁም ቅሬታ የሚቀርብበት አካልና ጊዜ ናቸው። ቀረጥና መቀጫ ተቀላቅሎ በአንድ ድምር ከተጻፈ ተለይቶ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ባለጉዳዩ በቀረጡ ተስማምቶ በመቀጫው ብቻ ሊከራከር ይችላልና።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው መጀመሪያ የሚያመለክተው በኮሚሽኑ ውስጥ ላለው ቅሬታ አጣሪ ነው። ከዚያ በሚሰጠው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ደግሞ በሕጉ የተጠየቀውን ገንዘብ አስይዞ ለፌዴራል ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ያቀርባል፤ በሕግ ስሕተት ላይ ደግሞ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል። በዚህ ሁሉ ትልቁ ጠላት ጊዜ ነው። የቅሬታና የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እንጂ ባለጉዳዩ ጠበቃ ካገኘበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ከአሶሳ አዲስ አበባ በመንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰነድ ፈልጎ፣ ትርጉም አሠርቶ፣ ጠበቃ አማክሮ ይህን ርቀት ለሚጓዝ ሰው የተፈቀደው ጊዜ አጭር ነው። ውሳኔው የደረሰበትን ቀን በግልባጩ ላይ ማስጻፍና ማመልከቻውን ባስገባበት ዕለት የገቢ መዝገብ ቁጥር መቀበል ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ይግባኝ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በእርሱ ነው።

ክፍያው የሚፈጸመው በመንግሥት ደረሰኝ ብቻ ነው። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ፣ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በሞባይል የተላከ ገንዘብ በሕግ ፊት አልተከፈለም። ከዚያም አልፎ “ጉዳዩን እጨርስልሃለሁ” ለሚል ደላላ ለሠራተኛ እንዲሰጥ የተከፈለ ገንዘብ ከጉምሩክ ጥፋቱ የከበደ ሌላ ወንጀል ይወልዳል፤ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ መስጠትም መቀበልም የሚያስቀጡ ናቸውና። ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ወይም ጠበቃ ለሠራበት አገልግሎት ደረሰኝ ይሰጣል፤ ደላላ አይሰጥም። መለያው ይኸው ነው።

ወደ ወንጀል የሄደ ጉዳይ

የተያዘ ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው እንዲገለጽለት፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ መብት አለው። በዚህ ክልል አንድ ነጥብ በተለይ መታወቅ አለበት፦ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብነት ባለው ግምት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። በጠረፍ የተያዘ ሰው ቤተሰብ ሰዓቱን ሲቆጥር ይህን ማስላት ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ የጉዞ ጊዜ የተባለው ለጉዞው በእርግጥ የሚያስፈልገው ብቻ ነው።

ጉዳዩ የፌዴራል ወንጀል ቢሆንም ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ላይ ይታያል ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በደቡብ ክልሎች እንዲቋቋም ተደንግጓል። ስለዚህ ተከሳሹ ጉዳዩ በየትኛው ችሎት እንደሚታይ፣ ቀጠሮውና የመዝገብ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቆ መያዝ አለበት።

የፖሊስ ምርመራ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ሲደርስ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው በቂ መሆኑን መዝኖ ይከስሳል ወይም መዝገቡን ይዘጋል። ባለጉዳዩ ደረሰኝ፣ ዲክላራሲዮን፣ የጠረፍ ንግድ ፈቃድ ወይም የዕቃ ምዝገባ ማስረጃ ካለው ክስ እስኪመሠረት ጠብቆ በመከላከያ ማስረጃነት ከማቅረብ ይልቅ በምርመራው ወቅት ማቅረቡ ይሻላል። በ2003 ዓ.ም የወጣው የኢፌዲሪ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ በጥፋተኝነት ላይ የሚደረግ ድርድርንና ከክስ ውጭ ያሉ አማራጮችን አስተዋውቋል፤ ድርድር በሚኖርበት ጊዜም የሚካሄደው ከዐቃቤ ሕግ ጋር፣ በጽሑፍና በተከሳሹ ነፃ ፈቃድ ነው። ያልፈጸመውን ጥፋት “ቶሎ ልውጣ” ብሎ ማመን የሚያስከትለው የጥፋተኝነት መዝገብ ነው፤ ይህም ለወደፊት ንግድ ፈቃድ፣ ለሥራና ለሌላም ነገር እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

በክልሉ ነዋሪዎች ዘንድ ሽምግልና የተከበረ መንገድ ነው፤ የቤተሰብና የግል ጉዳዮችም በባህልና በሃይማኖት ሕግ እንዲታዩ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ፈቅዷል። የጉምሩክ ወንጀል ግን በሁለት ሰዎች መካከል የተነሣ ጠብ አይደለም፤ ይቅር የሚል የግል ተበዳይም የለውም። በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርቡ ወንጀሎችን የሚመለከተው ዕርቅ እዚህ አይሠራም። ሽማግሌዎች ሊያደርጉ የሚችሉትና ጠቃሚ የሆነው ነገር ሌላ ነው፦ ዕቃውን በወጣቱ ያስጫነው ነጋዴ ቀርቦ ባለቤትነቱን እንዲያምንና ኃላፊነቱን እንዲወስድ ማግባባት። ይህን ለማድረግ ከሽማግሌ የተሻለ አቅም ያለው አካል በአካባቢው አይገኝም።

ክሱ ከተረጋገጠ የቅጣቱ መጠን በሁኔታዎች ይወሰናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይደነግጋል፤ ሆኖም በቅን ልቦና የተፈጸመ የሕግ ስሕተት ቅጣትን ሊያቀልል ይችላል። በአንቀጽ 82 ደግሞ ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው መሆኑ፣ መጸጸቱና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱ ቅጣት ከሚቀልልባቸው ምክንያቶች መካከል ናቸው። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ቀረጥና ታክሱን በደረሰኝ የከፈለ ተከሳሽ ደረሰኙን ለችሎቱ ማቅረብ ያለበት ለዚህ ነው። ክፍያው ወንጀሉን አይፍቀውም፤ ቅጣቱን ሲመዝን ግን ፍርድ ቤቱ ያየዋል።

ተከሳሹ ነፃ ከተባለ ወይም መዝገቡ ከተዘጋ ዕቃው በራሱ ወደ ቤት አይመለስም። የፍርዱን ወይም የውሳኔውን ግልባጭ በማኅተም አስደርጎ ለያዘው የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ ዕቃው ተሽጦ ከሆነም ጥያቄው ለገንዘቡ ይሆናል። ነፃ መባል ማለት ዕቃው ቀረጥ ተከፍሎበታል ማለት አይደለም፤ ያልተከፈለ ቀረጥ ካለ ከመረከቡ በፊት ይከፈላል።

የችሎቱ ቋንቋ የማይገባው ተከሳሽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ተናጋሪ የሆነ ሰው፣ እንዲሁም ዓረብኛ ብቻ የሚናገር ስደተኛ አማርኛን ለገበያ ያህል ስለሚሰማ ብቻ ያለ አስተርጓሚ ቃሉን እንዲሰጥ አይገደድም። ጥያቄው በመጀመሪያው ቀጠሮ በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይደረግ። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ያለ ጠበቃ በመቅረቡ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽም በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት በዚያው ቀጠሮ ማመልከት ይችላል።